ፍየል የተወው አጥር፤ የውሾቻችንና የመርዛማ ዕፅዋት ነገር

በሰሜን ወሎ፣ በበጋ ከወልዲያ ወደ መርሳ ሲወርዱ፣ ወይም ከዋናው መንገድ ወደ ሐራ ሲታጠፉ፣ ማሳው ደርቆ ግጦሹም አልቆ አጥሩ ብቻ ለምልሞ ይታያል። ጉሎው፣ ቅንጭቡ፣ ቁልቋሉ፣ የወፍ ቆሎው፣ ከመንገዱ ዳር ደግሞ ጦቢያው። እነዚህ በጋውን የሚሻገሩት ድርቅ ስለሚችሉ ብቻ አይደለም፤ ፍየል ስለማትነካቸውም ነው። ገበሬው አጥር አድርጎ የተከላቸውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የሚበላ ተክል አጥር አይሆንም። ፍየሏ የተወቻቸው ደግሞ እሾህ ስላላቸው፣ ወይም መርዝ ወይም የሚያቃጥል ወተት ስላላቸው ነው። እንግዲህ ፍየል በሚረባበት አገር ለዓመታት ቆሞ የኖረ አረንጓዴ አጥር ማለት፣ በአብዛኛው፣ ተመርጦ የቀረ መርዝ ማለት ነው።

በዚያ አጥር ውስጥ ውሻ አለ። በእኛ አገር ውሻ የሳሎን ጌጥ አይደለም። ሌሊት ጅብን ከበረት ያርቃል፤ ቀን ከእረኛው ኋላ ይውላል፤ በወሎ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ለከብቱና ለእርሻው ጥበቃ ይይዘዋል። ግን የሚበላው ትራፊ ነው፤ የሚጠጣውም ካገኘበት። ምን እንደ ላሰና ምን እንደ ቆረጠመ የሚከታተል ሰው የለም። አንድ ቀን ጠዋት ልጋጉን እያዝረበረበ ወይም ደም እያስቀመጠው ሲገኝ «መርዝ በልቶ ነው» ይባልና በዚያው ይታለፋል። የትኛው መርዝ? ከየት አገኘው? መከላከልስ ይቻል ነበር? ይህ ዳሰሳ እነዚህን ጥያቄዎች ይዞ አጥሩን፣ የጥላ ዛፉን፣ የከተማውን አበባ፣ ጓሮውንና ማድቤቱን ይፈትሻል። የሚያቀርበውም አንድ ሐሳብ ነው፦ አካባቢው ስለ መርዛማ ዕፅ ያለው እውቀት ብዙ ነው፤ ነገር ግን ለላሙና ለፍየሉ ብቻ ሲውል ኖሯል። ለውሻውም መዋል አለበት።

የእረኛው እውቀትና ድንበሩ

የሐብሩ ወይም የቆቦ ገበሬ ከተቆረጠ በኋላ እንደገና ያቆጠቆጠ፣ ወይም ድርቅ መትቶት ዝናብ ሲያገኝ ብቅ ያለ ማሽላ ከብት እንደሚገድል ሳይንሱን ሳያነብ ያውቃል። ለጋው ማሽላ በሆድ ውስጥ ሲፈጭ ሳይናይድ የሚለቅ ንጥረ ነገር አለው። ስለዚህ እረኛው ከብቱን ከዚያ ማሳ ያርቃል። እንዲህ ያለው እውቀት ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ነው፤ ማንም ሊንቀው አይገባም።

ወደ ውሻ ሲመጣ ግን ይህ እውቀት ሁለት ቦታ ላይ ይቆማል። አንደኛ፣ ውሻ እንደ ፍየል ቅጠል ለቃሚ አይደለም። ከቅጠሉ ይልቅ የሚያሰጋው መሬት ላይ የወደቀው ፍሬ፣ የሚቆፍረው ሥር፣ የሚቆረጥመው ዘር፣ አበባ የተነከረበት ውኃና ጸጉሩ ላይ የሚንጠባጠበው የተክል ወተት ነው። ፍየል ቀምሳ የምትተወውን ቡችላ ጥርሱ ሲያሳክከው ያኝከዋል፤ የተራበ ውሻ ሳያኝክ ይውጠዋል። ሁለተኛ፣ ፍየልም ሰውም ያለ ችግር የሚበሉት ነገር ውሻን ሊገድል ይችላል። ሽንኩርት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ወደ እርሱ እንመለሳለን።

ከውጭ አገር የሚመጡት «ለውሻ አደገኛ ተክሎች» የሚሉ ዝርዝሮችም ብዙ አይረዱንም። በአሜሪካና በአውሮፓ ግቢ ያለውን ቱሊፕና አዛሊያ እየጠሩ ያስጠነቅቃሉ፤ ጦቢያን ግን አያውቁትም። በሐራ ያለ ሰው የሚያስፈልገው የሐራን አጥር የሚያውቅ ዝርዝር ነው።

አጥሩ

ከሁሉ ቀድሞ መጠራት ያለበት ጉሎ ነው። አጥር ሥር፣ ቆሻሻ መጣያ ላይ፣ ወንዝ ዳር፣ የፈረሰ ቤት ላይ ይበቅላል። ዘሩ ውስጥ ራይሲን የተባለ ፕሮቲን አለ፤ በዓለም ላይ ከታወቁት ኃይለኛ የዕፅ መርዞች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ለንደን ውስጥ የቡልጋሪያው ጸሐፊ ጆርጂ ማርኮቭ የተገደለው በዚሁ መርዝ ነበር። ውሻ የጉሎን ዘር ሳያኝክ ከዋጠው ጠንካራው ልጣጭ ሳይሰበር በሰገራ ሊወጣ ይችላል። ካኘከው ግን መርዙ ይለቀቃል። ምልክቱ ወዲያው አይታይም፤ ብዙ ጊዜ ከ6 ሰዓት በኋላ፣ አንዳንዴም በማግስቱ ነው ትውከቱ፣ ደም የቀላቀለው ተቅማጥና ድካሙ የሚመጣው። ይህ መዘግየት አሳሳች ነው፤ ባለቤቱ «ምንም አልሆነም» ብሎ ይዘናጋል። በአሜሪካ ጉሎ የበሉ 98 ውሾችን መዝገብ የመረመረና እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት ከመቶ ዘጠኙ እንደሞቱ ወይም ሐኪም እንዲገላግላቸው እንደተደረገ አሳይቷል። ይህ ማለት በጊዜ ሕክምና ካገኙ አብዛኞቹ ይተርፋሉ ማለትም ነው፤ ግን እነዚያ ውሾች እርዳታ የተጠየቀላቸው ናቸው።

ጉሎ ከአጥሩ አልፎ ማድቤት ውስጥም ይገኛል። በብዙ ቤት የተወቀጠ ጉሎ የምጣድ ማሰሻ ነው። ዘይቱ ራሱ ራይሲን የለበትም፤ መርዙ በዘይት አይሟሟምና። ችግሩ ያለው በተወቀጠው ዘርና ዘይቱ ከወጣ በኋላ በሚቀረው ፋጉሎ ላይ ነው። ቅባት ቅባት የሚሸተው ማሰሻ ጨርቅ ከነዘሩ ግቢ ሲጣል ለውሻ ምግብ ይመስለዋል። የጉሎ ፋጉሎ ማዳበሪያ ተብሎ አትክልት ሥር ሲበተንም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ማሰሻው ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ፤ ሲጣልም ይቀበር እንጂ ደጅ አይወርወር።

የጉሎ ዘመድ የሆነው ጃትሮፋም መነሣት አለበት። በባቲ አካባቢ ለአጥርና ለአፈር መከላከያ ሲተከል ቆይቷል፤ በኋላም ለነዳጅ ዘይት ምርት በብዙ ቦታ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። ዘሩ ለውዝ የመሰለ ጣዕም ስላለው ልጆችንም ያታልላል። ውሻን ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ፈሳሹንም ያሟጥጠዋል።

ቅንጭብና ቁልቋል አደጋቸው ሌላ ነው። ነጩ ወተታቸው ቆዳን ያቃጥላል፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ ሊያሳውር የሚችል ቁስል ያመጣል። ውሻ አጥር ጥሶ ሲያልፍ ቅርንጫፍ ይሰበርና ወተቱ ፊቱ ላይ ይረጫል። ባለቤቱ የሚያየው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በእግሩ የሚፈትግ ውሻ ነው። ሕክምናው ውኃ ነው፤ ንጹሕ ውኃ ደጋግሞ፣ ሩብ ሰዓት ያህል፣ ዓይኑን ማጠብ። የእናት ጡት ወተት፣ ማር ወይም የተቀጠቀጠ ቅጠል ዓይን ውስጥ መጨመር ጉዳቱን ያባብሳል።

ጦቢያ ከእነዚህ ይከፋል። ወተቱ ዓይንን ከማቃጠሉ በላይ የልብን ምት የሚያዛባ መርዝ አለበት፤ ዘመዶቹ በአፍሪካ በሌላም አህጉር ለቀስት ጫፍ መርዝ ሲያገለግሉ የኖሩ ናቸው። በእኛው ተራሮች የሚበቅለው መረንዝም ይህንኑ ዓይነት መርዝ ይይዛል። የመረንዝ የበሰለ ፍሬ ይበላል፤ ጥሬው፣ እንጨቱና ሥሩ ግን ገዳይ ነው። ውሻ የመረንዝ ወይም የጦቢያ እንጨት ለጨዋታ እንዲያኝክ መስጠት አይገባም። አጥር ጠግኖ የተረፈውን ግንድ ግቢ ውስጥ የሚተው ሰው ይህን ያስብበት።

የወፍ ቆሎ ከሌላ አህጉር የመጣ ነው። መጀመሪያ ለአበባው ውበትና ለአጥር ተብሎ ገብቶ፣ ዛሬ በወሎ ቆላዎች ግጦሹን እየወረረ ይገኛል። ጥሬው አረንጓዴ ፍሬና ቅጠሉ ጉበት ይጎዳል፤ ከብት ላይ ቆዳን በፀሐይ የሚልጥ በሽታ በማምጣቱ ይታወቃል። ውሻ ብዙ አይበላውም፤ ቡችላ ግን ፍሬውን ሊለቅም ይችላል። አስተናግር ደግሞ ቆሻሻ በተጣለበትና በረት በነበረበት መሬት ይበቅላል። ሽታው ስለሚያስጠላ ውሻ በፈቃዱ እምብዛም አይነካውም፤ ዘሩ ከእህል ጋር ሲቀላቀል ግን አደጋ ነው። የዓይን ብሌን መስፋት፣ የአፍ መድረቅ፣ የልብ ፈጣን ምት፣ መንገዳገድና ግራ መጋባት ምልክቶቹ ናቸው።

በመጨረሻ ፓርቲኒየም አለ፤ በ1970ዎቹ የረሃብ ዘመን ከእርዳታ እህል ጋር እንደገባና በወሎ እንደተስፋፋ ይታመናል። አይገድልም፤ ነገር ግን ጸጉሩ በሳሳው የውሻ ሆድና ብሽሽት ላይ የቆዳ ቁጣ ያስነሣል። ቆዳው የቀላ ውሻ ሁሉ እከክ ይዞታል ማለት አይደለም።

የጥላ ዛፉና የታሰረው ውሻ

ብዙ ሰው ውሻውን ቀን አስሮ ማታ ይፈታዋል። የታሰረ ውሻ ምርጫ የለውም፤ ሰንሰለቱ በሚደርስበት ክብ ውስጥ ያለውን ያሸታል፣ ይቆፍራል፣ ያኝካል። እንግዲህ ውሻ የት እንደሚታሰር መወሰን ምን እንደሚበላ መወሰን ነው። በቆላው ሙቀት ደግሞ ሰው የሚያስረው ጥላ ባለበት ነው። የጥላው ዛፍ ማን ነው?

ለጥላ ከሚተከሉት መካከል ኒምና ሚሊያ አሉ፤ ቅጠላቸው ስለሚመሳሰል በብዙ ቦታ ሁለቱም «ኒም» ይባላሉ። ልዩነቱን ማወቅ ግን ለውሻ የሕይወት ጉዳይ ነው። የኒም ቅጠል አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈል፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ የተሰነጠቀ ነው። የሚሊያ ቅጠል ሁለቴና ሦስቴ ተከፋፍሎ ይወጣል፤ አበባው ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ነው፤ ፍሬው ክብ ቢጫ ሆኖ ቅጠሉ ከረገፈ በኋላም በዘለላ ተንጠልጥሎ ይቆያል። ይህ ፍሬ ነው ገዳዩ። ወፎች ይበሉታል፤ ውሻና አሳማ ግን ከሁሉ እንስሳ በላይ ይጎዱበታል። ከበሉት በኋላ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ትውከት፣ ልጋግ፣ መንቀጥቀጥና መንፈራገጥ ይመጣል፤ ሞትም ሊከተል ይችላል። የሚሊያ ዛፍ ያለው ሰው ዛፉን የግድ መቁረጥ የለበትም። ውሻውን ከሥሩ አያስር፤ በፍሬው ወራት መሬቱን ይጥረግ። ውሻው ትልቅ ቢሆንም ቡችላ ቢሆንም፣ ጥላው ከግራር ቢሆንለት ይሻላል።

የከተማው አበባ

ወልዲያ እያደገች ነው። ባቡሩ ከአዋሽ ተነሥቶ ሐራ ገበያ እንዲደርስ ታስቦ ሐዲዱ ሲዘረጋም ብዙ ሰው በዚህ መስመር ቤት መሥራትን አስቧል። ግንብ ቤት ሲሠራ ግቢው ውስጥ የቁልቋሉን ቦታ አበባ ይወስዳል። ሆቴሎችም መግቢያቸውን ያስጌጣሉ። ከአዲስ አበባ የችግኝ መሸጫዎች ከሚመጡት መካከል ሦስቱ ተለይተው መጠራት አለባቸው።

አንደኛው ኦሊያንደር ነው፤ ሮዝ፣ ነጭ ወይም ቀይ አበባ የሚያወጣ፣ ቅጠሉ ጠባብና ረጅም ቁጥቋጦ። ቢጫ አበባ ያለው ዘመዱም አለ፤ ዘሩ በተለይ ኃይለኛ ነው። ሁለቱም ልብን የሚያዛባ መርዝ አላቸው፤ ጥቂት ቅጠል እንኳ ውሻ ሊገድል ይችላል። አበባው የተነከረበት የማስቀመጫ ውኃም መርዝ ነው። የተከረከመው ቅርንጫፍ ሲደርቅ መርዙ አይጠፋም፤ ሲነድ ጭሱም ጎጂ ነው። በዓለም ላይ ለዚህ መርዝ የሚያገለግል ማርከሻ አለ፤ ዋጋው ግን ከፍተኛ ስለሆነ በገጠር ክሊኒክ አይጠበቅም። ስለዚህ ውሻ ባለበት ግቢ ይህን አበባ አለመትከል ከማንኛውም ሕክምና ይበልጣል።

ሁለተኛው ሳይካስ ነው፤ ብዙዎች አጭር ዘንባባ ይሉታል፤ በሆቴል ደጅ በማሰሮ ይተከላል። ሁሉ አካሉ መርዝ ነው፤ ብርቱካንማው ዘሩ ከሁሉ ይከፋል። ጉበትን ያፈርሳል። በሕክምናም ቢሆን ከበሉት ውሾች ብዙዎቹ አይድኑም። ሦስተኛው መለከት የመሰለ ትልቅ አበባ ቁልቁል የሚያንጠለጥለው ቁጥቋጦ ነው፤ የአስተናግር ዘመድ ስለሆነ መርዙም የእርሱ ዓይነት ነው።

በቤት ውስጥ ማሰሮ የሚተከሉት ሰፋፊ ቅጠል ያላቸው ዲፈንባኪያ፣ ፊሎደንድሮን፣ ሞንስቴራና ፖቶስ አንድ ቤተሰብ ናቸው። ቅጠላቸው ውስጥ በዓይን የማይታዩ የካልሲየም ኦክሳሌት መርፌዎች አሉ። ውሻ ሲነክሰው አፉን ይወጋዋል፤ ልጋጉ ይዝረበረባል፣ አፉን በመዳፉ ይፈትጋል፣ ምላሱ ያብጣል። አስደንጋጭ ቢሆንም እምብዛም አይገድልም። ሬትና እንዳሁላ ደግሞ በባህል መድኃኒትነታቸው ግቢ ውስጥ ቦታ አላቸው። ሬት ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል፤ በእንዳሁላ ወገን ያሉ ተክሎች ውስጥ ልብ የሚነካ መርዝ ይገኛል። መድኃኒት ስለሆኑ ለውሻ ደኅና ናቸው ማለት አይደለም።

ግቢውን ለማስዋብ ሥጋት የሌለበት ምርጫ ሞልቷል። ጽጌረዳ፣ ሂቢስከስ፣ ሱፍ፣ በሶብላ፣ የጥብስ ቅጠል፣ ሙዝ። ውበትንና ደኅንነትን አንድ ላይ ማግኘት ይቻላል።

ጓሮውና ማድቤቱ

የቆቦና የጊራና ሸለቆ በመስኖ ሽንኩርት ያመርታል። መርሳም በማንጎዋና በፓፓያዋ ትታወቃለች። ምርቱ የአካባቢው በረከት ነው፤ ውሻ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ግን ብዙ አይታወቅም።

ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ። ጥሬ ቢሆን፣ ቢበስል፣ ቢደርቅ መርዙ አይጠፋም። በእያንዳንዱ ኪሎ ግራም የውሻ ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት ከበላ ደሙ ላይ ጉዳት ይታያል። አሥራ አምስት ኪሎ የሚመዝን የአገር ውሻ ከሆነ 225 ግራም ይበቃዋል፤ ይህም ሁለት መካከለኛ ራስ ሽንኩርት ነው። አሁን የዶሮ ወጥ ድስት ያስቡ፤ ኪሎዎች ሽንኩርት ቀልጠው የሚገቡበት። ከዓመት በዓል የተረፈ ወጥ ከአጥንት ጋር ለውሻ የሚደፋለት መልካም ነው ተብሎ ነው። ምልክቱ ደግሞ በዚያው ቀን አይመጣም፤ ከሁለት እስከ አምስት ቀን ቆይቶ ድዱ ይነጣል፣ ሽንቱ ቡናማ ይሆናል፣ ሲሄድ ያለከልካል። ማንም ከበዓሉ ወጥ ጋር አያገናኘውም። ስለዚህ ለውሻ የሚሰጠው እንጀራ ወጥ የሌለበት ይሁን፤ ሥጋው ከወጡ ሳይገባ ይነሣለት።

ወይንና ዘቢብ የውሻን ኩላሊት ያቆማሉ። ለዓመታት ምክንያቱ ሳይታወቅ ኖሮ፣ ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ ባለሙያዎች ታርታሪክ አሲድ እንደሆነ እያመለከቱ ነው። ይኸው አሲድ በብዛት ያለው ሌላ ፍሬ ሁመር ነው፤ በወሎ ቆላ የሚበቅለው። ሁመር በልተው እንደ ወይን የታመሙ ውሾችም በጽሑፍ ተመዝግበዋል። ቡናም ካፌይን አለው፤ የቡና አተላ ከምድጃ ዳር ሲደፋ ቡችላ እንዳይልሰው መጠበቅ ይገባል።

ማንጎ መርዝ አይደለም፤ ዘሩ ግን አንጀት ይዘጋል። በመርሳ ገበያ ቀን የማንጎ ዘር በየመንገዱ ይወድቃል። የውሻ አንጀት ውስጥ የተሰነቀረ የማንጎ ዘር ብዙ ጊዜ ያለ ቀዶ ጥገና አይወጣም፤ የሚያሳየውም ምልክት እንደ መርዝ ትውከት ነው። ከዚህ ሌላ የሻገተ እህል አለ። ሻጋታ አፍላቶክሲን የተባለ የጉበት መርዝ ያመነጫል፤ ውሻ ደግሞ ከብዙ እንስሳት በላይ ለዚህ ስስ ነው። ለሰው የማይሆን የሻገተ ማሽላና በቆሎ ለውሻም አይሆንም።

ዕፅ ያልሆነው መርዝና የእብድ ውሻ በሽታ

ውሻ ተመርዞ ሲገኝ ሁሉንም በተክል ላይ መለጠፍ ስሕተት ነው። የአይጥ መርዝ ዚንክ ፎስፋይድ ሆድ ውስጥ ገብቶ መርዛማ ጋዝ ይለቃል፤ ውሻው ሲያስመልስ ጋዙን የሚተነፍሰው ሰውም ይጎዳል፤ ስለዚህ ወደ ውጭ ማውጣት ያስፈልጋል። አንዳንድ የተባይ ማጥፊያ ኬሚካል የበላ ውሻ ብሌኑ ይጠባል፣ ልጋጉና እንባው ይፈስሳል፣ ጡንቻው ይንቀጠቀጣል። ለዚህ ማርከሻ አለ፤ አትሮፒን ነው፤ ምንጩም የአስተናግር ዘመዶች ናቸው። በተለያዩ ከተሞች ባለቤት የሌላቸውን ውሾች ለመቀነስ ሥጋ ውስጥ ሲደረግ የኖረው ስትሪክኒንም ከአንድ የእስያ ዛፍ ዘር የሚወጣ ነው፤ ውሻውን ግትር አድርጎ በትንሹ ድምፅ ሁሉ ያንፈራግጠዋል። የሚመጣው ሞት ሥቃይ የሞላበት ነው። ውሻ መቀነስ ካለበት ክትባትና ማምከን ያሉ መንገዶች ሳሉ ይህን መምረጥ አይገባም።

ከሁሉ በላይ አደገኛው ግን የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ልጋግ መዝረብረብ፣ መንገዳገድ፣ መዋጥ ማቃት፣ ጠባይ መለወጥ፣ እነዚህ ሁሉ የአስተናግር ወይም የዲፈንባኪያ ምልክት የሚመስሉ የእብደት ምልክቶች ናቸው። የውጭ ምክር «የውሻውን አፍ ከፍተህ እጠበው» ይላል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ባለበት አገር ይህ ምክር ሰው ሊገድል ይችላል። ክትባቱ ያልታወቀ፣ ልጋጉ የሚዝረበረብ ውሻ አፍ ውስጥ ባዶ እጅ ማስገባት ፈጽሞ አይገባም። የተነከሰ ወይም ልጋጉ ቁስሉን የነካው ሰው ቁስሉን በሳሙናና በውኃ ለሩብ ሰዓት አጥቦ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ለእብድ ውሻ በሽታ በባህል የሚሰጡ ብዙ የዕፅ መድኃኒቶች አሉ፤ አንዳቸውም በሽታውን አያድኑም፤ አንዳንዶቹ ራሳቸው መርዝ ናቸው። ከበሽታው የሚያድነው ምልክቱ ሳይታይ በጊዜ የሚሰጥ ክትባት ነው።

ሲደርስ ምን ይደረግ

ውሻው መርዛማ ነገር እንደ በላ ከታየ መጀመሪያ ከቦታው ማራቅ ነው። ቀጥሎ የበላውን ተክል ቅጠልና ፍሬ በፌስታል መያዝ፤ ምን ያህል እንደጎደለና ከስንት ሰዓት በፊት እንደሆነ ማስታወስ። ለሐኪሙ እነዚህ ሦስት ነገሮች፣ ተክሉ፣ መጠኑና ሰዓቱ፣ ከማንኛውም ቃል ይበልጣሉ። ክትባቱን ያገኘና የሚታወቅ ውሻ ከሆነ አፉን በንጹሕ ውኃ ማርጠብ ይቻላል፤ በተለይ እነዚያን ሰፋፊ ቅጠሎች ካኘከ ቀዝቃዛ ውኃ ወይም ጥቂት እርጎ ሕመሙን ያስታግሳል።

ሳይደረግ ቢቀር የሚሻለውም አለ። ጨው በጥብጦ በግድ ማጠጣት የውሻን ደም ጨው አብዝቶ አንጎሉን ይጎዳል። ወተት ወይም ዘይት በግድ ሲደፋበት ሳንባው ውስጥ ይገባል፤ ወተት አብዛኛውን መርዝ አያረክስም። የሚያንቀጠቅጠውን ወይም ራሱን የሳተውን ውሻ ለማስመለስ መሞከር አደገኛ ነው፤ የቅንጭብ ወተት የዋጠውን ማስመለስ ደግሞ ጉሮሮውን ዳግም ያቃጥላል። ማስመለስ የሐኪም ውሳኔ ነው። ሐኪሙ መርዙን ከሆድ የሚመጥ ለሕክምና የተዘጋጀ ከሰል ሊሰጥ ይችላል፤ የማድቤት ከሰል ግን የዚያን ቦታ አይተካም።

የጎደለውና የሚቻለው

በሰው ሕክምናም ቢሆን ከትልልቅ ከተሞች ውጭ የመርዝ ማማከሪያ ብርቅ ነው። በእንስሳት በኩል ያሉት ክሊኒኮች በዋናነት ለከብት፣ ለበግና ለፍየል የቆሙ ናቸው፤ ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን ብዙ ዕድል አለ። በደሴና በኮምቦልቻ የሚሠራው የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ይሰጣል። በኮምቦልቻ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ አለ። ስሪንቃ ውስጥ የግብርና ምርምር ማዕከሉ ገበሬውን ለዓመታት ሲያገለግል ኖሯል። ዕፅዋታችንም ያልታወቁ አይደሉም፤ እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 2009 በስምንት ቅጽ የታተመው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መዝገብ ወደ 6,000 የሚጠጉ ተክሎችን አካቷል። ብዙው ቁሳቁስ ተዘጋጅቷል፤ ገና ያልተሠራው ወደ ገበሬው ቋንቋ ማምጣት ነው።

ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየቱ ወደ ትልቅ ሳይንስ መርቶታል። ያ እውቀት የተነሣው በየቀኑ ከሚታይ ነገር ነው። ለውሻ ጤናም እንዲሁ ነው። የእንስሳት ጤና ባለሙያው ውሻ ለመከተብ በየቀበሌው ሲወጣ የባለቤቶቹን ጥያቄ ቢሰማ፣ ምን በልቶ ምን እንደሆነ ቢመዘግብ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ለአካባቢው የሚስማማ ዝርዝር ይወጣል። ያን ዝርዝር በአንድ ገጽ፣ በሥዕል፣ ጉሎን፣ ሚሊያን፣ ጦቢያን፣ ኦሊያንደርንና ሽንኩርትን አድርጎ በክሊኒኩና በትምህርት ቤቱ ግድግዳ መለጠፍ ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

ባለቤቱ ግን ይህን እስኪሠሩለት መጠበቅ የለበትም። ዛሬውኑ ሊያደርጋቸው የሚችላቸው አሉ፦ ውሻውን ከሚሊያና ከኦሊያንደር ሥር ማንሣት፤ የጉሎ ማሰሻውን መክደን፤ የበዓሉን ወጥ ለውሻ አለመድፋት፤ የተቆረጠውን የቅንጭብና የጦቢያ ግንድ ከግቢ ማውጣት፤ ቡችላውን በሦስት ወሩ ማስከተብ። ሌሊቱን ሙሉ ለእኛ ነቅቶ የሚያድር እንስሳ ግቢያችን ውስጥ መርዝ እንዳያገኝ መጠበቅ ቸርነት ሳይሆን ውለታ መመለስ ነው። ፍየሏ አጥሩ ላይ የተወችውን ሁሉ አንድ በአንድ ማየትና የቱ ውሻውን እንደሚጎዳ መለየት የጌታው ሥራ ነው።